ወደ ካርቡራተር የተመለሰችው ቶዮታ

ነጯ ቶዮታ ወደ ቤታችን የገባችው በጨረታ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ አንድ የውጭ እርዳታ ፕሮጀክት ደሴ የነበረውን ቢሮውን ሲዘጋ ጠረጴዛውን፣ ወንበሩን፣ የፋይል ሣጥኑንና ይህችን ፒክአፕ ለጨረታ አወጣ። አጎቴ የእቁብ ዕጣ በደረሰው ሰሞን ስለነበር ዋጋውን ጽፎ በፖስታ አሽጎ አስገባ፤ አሸነፈም። ከዚያ በፊት በሰው አይሱዙ እህል እያስጫነ ባቲ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። "ከእንግዲህ የሰው ሹፌር ፊት አላይም" ብሎ ሰፈሩን ሁሉ ቡና ጠራ።

እኛ ሃይሉክስ እንላት ነበር እንጂ ገላዋ ላይ እንዲህ የሚል ጽሑፍ አልነበረም። የተሠራችው ለአሜሪካ ገበያ ነው፤ ቶዮታ ደግሞ እዚያ አገር ያንን ስም ትቶ በደፈናው "ፒክአፕ" እያለ ነበር የሚሸጣት። ፍጥነት መለኪያዋ ትልልቁን ቁጥር በማይል ይጽፋል፤ ኪሎ ሜትሩ ከሥሩ በደቃቁ ነው። አጎቴ ትልቁን እያየ "ኧረ ገና ሃምሳ ነኝ" እያለ በ80 ይነዳ ነበር።

ኮፋኖው ሲከፈት የሚታየው 22አር-ኢ የሚባለው ሞተር ነው፦ 2.4 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም። ኢንጀክሽን ስለሆነ ካርቡራተር የለውም። አየሩ ከፊልትሮው እንዳለፈ አንዲት ሣጥን ውስጥ ያለችውን ክዳን ገፍቶ ይገባል፤ ክዳኗ ምን ያህል እንደተገፋች ኮምፒዩተሩ ያነብና በዚያው ልክ ነዳጅ ያስረጫል። ኮምፒዩተሩ ራሱ ጋቢና ውስጥ በቀኝ በኩል፣ ተሳፋሪ እግሩን በሚያሳርፍበት ጎን ከሽፋን ጀርባ ተሸሽጓል። እዚያ መኖሩን ያወቅነው መኪናዋ ከታመመች በኋላ ነው።

ደህና በነበረችበት ጊዜ የምትገርም መኪና ነበረች። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ የብረት በር ያስጨንቃል። የጎረቤቶቻችን ላንድሮቨሮች እየተገፉ ሲያረፍዱ የእኛዋ በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ጭነቷን እንደያዘች በሦስተኛ ማርሽ ትጨርሰዋለች። ከፍታው ሲቀየር ነዳጁን ራሷ ትመጥናለች፤ ጭስ የላትም፣ ሽታ የላትም። አጎቴ ይህን ሁሉ የሚያብራራው "ጃፓን እኮ ናት" በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር።

ሥራዋ በዋናነት የባቲ ገበያ ነው። ባቲ ሰኞ ትውላለች። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከቆላ ይወጣል፤ ኦሮሞውና አማራው እህሉን፣ ማሩንና ጨርቁን ይዞ ከደጋ ይወርዳል። ሰኞን ያጣ ነጋዴ የሚቀጥለው ሰኞ እስኪመጣ ዕቃውን ታቅፎ ይቀመጣል። ስለዚህ የባቲ መንገድ መኪና ሌላ ቀን ብትታመም ይቻላል፤ እሑድ ማታ መታመም ግን አይፈቀድላትም።

እሷ ደግሞ እሑድ ማታ መረጠች።

ሕመሟ እንግዳ ነበር። ቁልፉ ሲጠመዘዝ ትነሳለች፤ ሞተሪኖው እስከዞረ ድረስ ሞተሩ አብሮ ይሠራል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ትጠፋለች። ደግሞ ሳይታሰብ ትድንና ሳምንቱን ሙሉ ምንም እንዳልነበረባት ትሠራለች። ከዚያ ከኮምቦልቻ በታች አንድ ጉድጓድ ሲመታት መሐል መንገድ ላይ ድርቅ ትላለች። ኋላ ላይ ተሳፋሪ አለ፣ ፍየል አለ፣ የሰው ቅቤ አለ። ፀሐይ የሚያቀልጠውን ቅቤ ባለቤት ማባበል ምን ማለት እንደሆነ ያየሁት ያኔ ነው።

ያላየው መካኒክ አልነበረም። አንዱ ካንዴላ ነው ብሎ አራቱንም ቀየረ። ሌላው ነዳጁ ቆሻሻ ነው ብሎ ታንከሩን አወረደና አጠበ፤ በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን እንጠቀም ስለነበር ይህኛው ቢያንስ ምክንያት ነበረው። ቦቢና ተቀየረ። ባትሪው ተወቀሰ። አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ደግሞ የገመዱን ጥቅል ከመሪው ሥር ጎትቶ አውጥቶ ሲያየው ዋለና መልሶ ሳይከተው ሄደ። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ለሥራ የመጣ ሰው "ኮምፒዩተሯ ተቃጥሏል" አለ። ይህ ፍርድ ጸና። ማንም ስላልፈተሸው ማንም ሊያስተባብለው አልቻለም።

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ተጠየቀ። የዚያ ዓይነት ኮምፒዩተር አልነበረም፤ የተገኘውም ለሌላ ሞተር የተሠራ ስለሆነ ሶኬቱ አይገጥምም። ለአሜሪካ የተሠራች መኪና እኛ አገር ዘመድ የላትም። ነዳጁም ዘመዷ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን የምንቀዳው ቤንዚን እርሳስ ነበረበት። እርሳስ ከማርሚታው በፊት ያለውን የጭስ ማጣሪያ ይገድላል፣ በጭስ ማውጫው ላይ የተተከለውን የኦክስጅን መለኪያም ያደነዝዛል። የሠሯት ሰዎች ንጹሕ ቤንዚንና በየከተማው የታወቀ ጋራዥ አስበው የሠሯት መኪና ባቲ መንገድ ላይ ብቻዋን ቆማ ነበር።

ሸዋ በር አካባቢ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። ጠላት ከወጣ በኋላ ኮምቦልቻ ከቀረ ጣሊያናዊ መካኒክ እጅ ሥራ የለመዱ ናቸው። ሞተር ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ የካቻቢቴውን ስለት ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው "ሁለተኛው ሲሊንደር ነው" ይላሉ፤ ሁለተኛው ይሆናል። የእኛዋን አዳመጧት። ዝም አሉ። ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፦

"ወንድሜ፣ የማላውቀውን በሽታ መድኃኒት አለው ብዬ ብርህን አልበላም" አሉት።

"ታዲያ ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል? ልሽጣት?"

"አብሽር፣ አትሸጣትም። የዚች ሞተር ታላቅ እህት አለች፤ ካርቡራተር ያላት፣ 22አር። እግሯም ወገቧም ከዚች ጋር አንድ ነው፤ ማርሽ ቤቱን አንነካውም። እሷን ካመጣህልኝ አላህ ካለ ወር ሳይሞላ ባቲ ትገባለህ።"

ቤት ሲደርስ የአጎቴ ሚስት የተናገረችውን አልረሳውም። "ሰው አሮጌ አውጥቶ አዲስ ያስገባል። አንተ አዲሱን አውጥተህ አሮጌ ልታስገባ ነው?" አጎቴ መልስ አልነበረውም። እኔም፣ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር፣ ሶማሌ ተራ አብሬው ሄድኩ።

ሶማሌ ተራን የማያውቅ ሰው መኪና ተገነጣጥሎ የሚሞት ይመስለዋል። እዚያ ግን የአንዱ ፓራፋንጎ፣ የሌላው በር፣ የሦስተኛው ቴስታታ ለሚቀጥለው ሕይወት ተራ ይጠብቃል። ሽማግሌው የሚታየውን ሁሉ ለአጎቴ አስጠንተውት ነበር፦ ኮሎው በእጅ ሲዞር የትም ቦታ ላይ አይያዝ፤ የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ነጭ አረፋ ካለ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋልና ተወው፤ የሞተር ቁጥሩ ፋይል የነካው ከሆነ በነጻ ቢሰጡህም አትውሰድ። ያለ ደረሰኝና ያለ ጉምሩክ ወረቀት እንዳይገዛም አስምለውታል። ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል፤ ሞተር የቀየረ ሰው አዲሱን ቁጥር አስመርምሮ ካላስመዘገበ ቦሎም አያገኝ፣ መሸጥም አይችል። ሞተሩ ተገኘ፣ ዋጋው ቀኑን ሙሉ ተለፋበት፣ ማታ ደሴ በሚሄድ አይሱዙ ላይ በገመድ ታስሮ ተጫነ። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን የጣርማ በርን ዋሻ ስናልፍ አጎቴ ሦስት ጊዜ ዞሮ አየው።

ሥራው የተሠራው በሽማግሌው ግቢ፣ በሦስት ወፋፍራም የባሕር ዛፍ እንጨቶች ላይ በተሰቀለ የሰንሰለት ማንሻ ነው። ኮፋኖው ወለቀ፣ ራዲያተሩ ወጣ፣ ኢንጀክሽኑ ሞተር ወረደ። ሽማግሌው እንዳሉት እግሩም የማርሽ ቤቱ ቀዳዳም ልክ ገጠመ፤ ሁለቱ ሞተሮች አንድ ብሎክ፣ አንድ 2,366 ሲሲ ናቸው። የሚለዩት ነዳጅና እሳት በሚያገኙበት መንገድ ነው፤ ችግሩም ያለው እዚያው ነው።

አንደኛው ጣጣ ፓምፑ ነበር። ኢንጀክሽን ያላት መኪና ታንከሯ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አላት፤ ነዳጁን ከ2.5 እስከ 3 ባር በሚደርስ ግፊት ትልካለች። ካርቡራተር የሚችለው ከዚያ አንድ አሥረኛውን ያህል ነው። ያ ግፊት ቢደርስበት ውስጡ ያለው ተንሳፋፊ መዝጊያውን ሊይዝ አይችልም፤ ቤንዚኑ ሞልቶ በትኩስ ሞተር ላይ ይፈሳል። አንድ ጎረቤት መካኒክ "ፓምፗን ተዉአት፣ ትረዳዋለች" ሲል ሽማግሌው "ትረዳዋለች፤ ከዚያ እሳት አደጋ ይረዳናል" አሉት። ፓምፗ ወጣች፤ በቦታዋ ባዶ ቱቦ ገባ። የድሮው ሞተር ከራሱ ቴስታታ ጋር የተያያዘና በካም ዘንጉ የሚገፋ የራሱ ፓምፕ አለው። ትርፍ ነዳጅ ወደ ታንከር የሚመልሰው ቀጭን ቱቦ ግን እንዳለ ቀረ፤ ካርቡራተሩም ይፈልገዋል።

እሳቱ ቀላል ነበር። የ22አር ዲስትሪቢውተር ከቁልፉ የሚመጣ 12 ቮልት ከደረሰው ሌላ ማንንም አይጠይቅም። ያ ሁሉ የገመድ ጥቅል፣ ያ ሁሉ ሶኬት፣ ኮምፒዩተሩም ጭምር፣ በአንድ ኩንታል ከረጢት ውስጥ ገብቶ ጓዳ ተጣለ። የነዳጅ መርገጫው ገመድ ካርቡራተሩ ላይ የሚታሰርበት ቦታ ስላልገጠመ ሽማግሌው ከአሮጌ ባሌስትራ ቁራጭ ማሰሪያ ሠሩለት። የሞተው የጭስ ማጣሪያ ተቆርጦ በባዶ ቱቦ ተተካ። ዛሬ ሳስበው ያ ቱቦ ለደሴ አየር የተደረገ ውለታ አልነበረም።

ተነሳች። ግን እግር ከመርገጫው ሲነሳ ትጠፋለች፤ በሚኒሞ አትቆምም። አጎቴ ፊቱ ጠቆረ፤ ያው የድሮው ሕመም መስሎት ነው። ሽማግሌው ሳቁ። ካርቡራተሩ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ ሶሌኖይድ በጣታቸው ነኩና "ይቺን ረስተናታል፣ አኩርፋለች" ብለው አንድ ገመድ አያያዙላት። የሚኒሞን ነዳጅ የምትከፍተውና የምትዘጋው እሷ ናት፤ መብራት ካልደረሳት ዘግታ ትቀመጣለች። ሞተሩ ዕርፍ ብሎ መሥራት ጀመረ። ይህን ያህል ነው ልዩነቱ፦ እኚህ ሰው ይህን ሕመም ያውቁታል።

ከዚያ ጥጋቡ መጣ። የካርቡራተር የነሐስ ቀዳዳዎች የተለኩት ለቆላ አየር ነው። በደሴ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ነዳጅ ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ አወጣች፣ ካንዴላዎቹ ጥላሸት ለበሱ። ሽማግሌው ዋናዋን ቀዳዳ በእርሳስ ብየዳ ደፍነው እንደገና በቀጭኑ በሱት፤ ነድተው ካንዴላ ፈትተው አዩ፤ ትንሽ አሰፉት፤ እንደገና ነድተው አዩ። የካንዴላው ጫፍ የተቆላ ቡና መልክ ሲያወጣ "በቃ" አሉ። የለኩትም ለደሴ አልነበረም። "ለደሴ ካደረግኋት ባቲ ላይ ነዳጅ አጥሯት ትቃጠላለች፤ ለኮምቦልቻ ነው ያደረግኋት" አሉ። ኮምቦልቻ በሁለቱ መካከል ናት። ኮምፒዩተሩ በየሰከንዱ የሚሠራውን ሒሳብ ሽማግሌው አንድ ጊዜ ሠርተው አስታረቁት፤ ዕርቅ ስለሆነ ደሴ ላይ ትንሽ ታጨሳለች፣ ባቲ ላይ ትንሽ ትደርቃለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮ ማሳመር አልፈልግም። ጠዋት ቾክ ስበን፣ መርገጫውን ረገጥ ረገጥ አድርገን፣ ለምነን ነበር የምናስነሳት። ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ መውጣት ጀመረች፤ አምራቹ ለኢንጀክሽኑ 116፣ ለካርቡራተሩ 97 የፈረስ ጉልበት ብሎ ነበር የጻፈው፤ ከሁለቱም ላይ የደሴ ከፍታ ሩቡን ያህል ይወስዳል። ቤንዚን ትወዳለች። ጋቢናው ሁልጊዜ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ከባቲ ቁልቁል ወደ አፋር ቆላ ስትወርድ ደግሞ ሙቀቱ ፓምፑ ውስጥ ያለውን ነዳጅ እንፋሎት ያደርገዋል፤ ፓምፑም እንፋሎት መግፋት አያውቅበትም። ያኔ ወርደን ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን፣ ውሃ አፍስሰን፣ ጥላ ካለ ጥላ ሥር፣ ከሌለ ከመኪናዋ ሥር እንጠብቃለን። አንዲት የአፋር እናት ለፍየሏ የያዘችውን ውሃ ለፓምፑ ሰጥታን ታውቃለች።

ግን ሰኞ አላመለጣትም። ብትቆምም ለምን እንደቆመች እናውቃለን። የካርቡራተሩ ፊት ላይ ነዳጁ እስከ የት እንደደረሰ የሚያሳይ ትንሽ የመስተዋት መስኮት አለ፤ አጎቴ ችግር ሲኖር መጀመሪያ እሱን ያይ ነበር። ባዶ ከሆነ ፓምፕ ነው፤ ሙሉ ከሆነ እሳት ነው። ለሁለቱም የሚሆን ሰው ኮምቦልቻም፣ ባቲም፣ ሚሌ ድረስ አለ። የመንገድ ዳር ጎሚስታ ሳይቀር ካርቡራተር ፈትቶ በቤንዚን አጥቦ፣ ቀዳዳውን በአፉ ነፍቶ ይገጥማል። የእውቀቱ ዋጋ አንድ ሻይ ነው።

ዓመታት አልፈው አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ከሚያስተምር ሰው ጋር ተዋወቅሁና የዚያችን መኪና ሕመም ነገርኩት። ሳልጨርስ አቋረጠኝ። "የአየር መለኪያዋ ክዳን ናት" አለ። በእነዚያ ቶዮታዎች ላይ ክዳኗ አየር ከመለካት ሌላ አንድ ሥራ አላት፤ አየር ሲገፋት የነዳጁን ፓምፕ የመብራት መስመር ታገናኛለች፣ ፓምፑም ይሠራል። ሞተሪኖው ሲዞር ፓምፑ በሌላ መንገድ መብራት ያገኛል። ቁልፉ ሲለቀቅ ግን ሥልጣኑ የክዳኗ ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለችው መነካኪያ ከቆሸሸች ወይም ከላላች ፓምፑ ይቆማል፣ ሞተሩም ይሞታል። ለመፈተሽ ቁልፉን ከፍቶ፣ ፊልትሮውን አውልቆ፣ ክዳኗን በጣት ገፋ ማድረግና ከታንከሩ ወገን የፓምፑን እዝዝታ ማዳመጥ ነው። ጣትና ጆሮ። ሽማግሌው በሁለቱም የተካኑ ነበሩ፤ ጣታቸውን የት እንደሚያደርጉ የነገራቸው ግን የለም።

ለአጎቴ ስነግረው ለጥቂት ጊዜ አሰበና ጠየቀኝ፦

"ያኔ ይህን የሚያውቅ ሰው ደሴ ውስጥ ነበር?"

"አልነበረም።"

"እንግዲያው ኮምፒዩተሯ ተቃጥሎ ነበር ማለት ነው" አለ።

ክርክር አልገጠምኩትም። ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ይህን ታሪክ ሲሰማ በሕግ ያስጠይቃል ብሎ ስቋል። እውነቱን ነው፤ በአሜሪካ በሕዝብ መንገድ ላይ ለሚሄድ መኪና የሚገባው ሞተር የመኪናዋን የስሪት ዓመት ያህል ወይም ከዚያ አዲስ መሆን አለበት፣ የጭስ መቀነሻ ዕቃዎቹም ሳይጎድሉ። አሮጌ ማስገባት የተከለከለ ነው። ሕጉ ትክክል ነው እላለሁ፤ የአጎቴም ውሳኔ ትክክል ነበር። ሕጉ የወጣው ክዳኗን የሚያውቅ ሰው በየመንደሩ ባለበት አገር ነው።

ዛሬ ቢሆን ግን ማንንም ወደ ካርቡራተር ተመለስ ብዬ አልመክርም። ስልክ ላይ የሚገጠም መመርመሪያ በርካሽ ይገኛል፤ ኢንጀክሽን የሚያውቁ ልጆች ደሴም ኮምቦልቻም አሉ። ካርቡራተር የሚያውቁት ናቸው እያለቁ ያሉት፤ ሽማግሌውም አርፈዋል።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ሌላ ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ የኤሌክትሪኮቹ መንገዱን እየሞሉት ነው። እነዚህ ሲቆሙ ከሶማሌ ተራ ታላቅ እህት አምጥቶ መገላገል የለም። ስለዚህ አስመጪዎች፣ መኪናውን ስታመጡ የጥገና መጽሐፉንና መመርመሪያውን አብራችሁ አምጡ፤ መጽሐፉንም ወደ አማርኛና ወደ ሌሎቹ ቋንቋዎቻችን አስመልሱት። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ትምህርቱን አዲስ አበባ ላይ አትጨርሱት። ባቲ አሁንም ሰኞ ትውላለች።